አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ፦ ያልመዘነውን ያልተቀበለ ዐሊም



የስልካችን ባትሪ ለምን ከሊቲየም ተሠራ? አንዱ ምክንያት ከብረታ ብረት ሁሉ የቀለለ መሆኑ ነው። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ በእኩል መጠን ሲመዘን ከሊቲየም ከ20 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ለኤሌክትሪክ መኪና፣ ለፀሐይ ኃይል ወይም ለውሃ ማጣሪያ አዲስ ቁስ የሚሠራ ተመራማሪ ቀድሞ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ይህ ቁስ ለመጠኑ ምን ያህል ይከብዳል የሚለው ነው። ላብ ገብተን ዴንሲቲ የምንለው ማለት ነው። ይህን ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት በጥንቃቄ ለክቶ ያለፈ ሙስሊም ዐሊም አለን።

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ973 (362 ሒጅራ) በኸዋሪዝም፣ በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን፣ ካት በምትባል ከተማ ዳርቻ ተወለደ። ሒሳብና ሥነ ፈለክን ከአቡ ነስር መንሱር ተማረ። ገና በ20ዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ጦርነት ተነሥቶ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ ድህነትንም ቀመሰ። ተመልሶ ጥቂት እንደተረጋጋ፣ በ1017 ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ሲይዝ በዛሬዋ አፍጋኒስታን ወዳለችው ገዝና ወሰደው። የሄደው ወዶ አልነበረም። ሆኖም መማሩንና መጻፉን አላቆመም፤ የህንድን ቋንቋና ዕውቀት ተምሮ ስለ ህንድ ትልቅ ኪታብ ጻፈ፤ የምድርንም ስፋት ለካ።

ስለ ቁሶች የሠራው ሥራ ግን ብዙም አይወራም። ከጎኑ ቀጭን ቧንቧ የወጣለት ዕቃ አሠራ። ዕቃውን ውሃ ሞልቶ፣ አስቀድሞ የመዘነውን ብረት ወይም ዕንቁ ይጨምርበታል። ተገፍቶ በቧንቧው የወጣውን ውሃ ደግሞ ለብቻው ይመዝናል። ሁለቱን ክብደቶች ሲያነጻጽር ቁሱ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ያገኛል። ትንሿ የውሃ ለውጥ እንዳታመልጠው የዕቃውን አንገት አጠበበ፤ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ እኩል እንደማይመዝኑም አስተዋለ። ለእርሳስ ያገኘው ቁጥር 11.4 ገደማ ነው፤ የዛሬው 11.34 ነው። በዛሬ ላብራቶሪ ያለው ፒክኖሜትር በውሃ ፈንታ ብዙ ጊዜ ሂሊየም ጋዝ ይጠቀማል እንጂ፣ ሐሳቡ ያው ቁሱ የሚይዘውን ቦታ መለካት ነው።

ይህ ልኬት ለገበያም ጠቀመ። ወርቅ ከሌላ ብረት ጋር ሲደባለቅ፣ ሐሰተኛ ድንጋይም በእውነተኛ ዕንቁ ስም ሲሸጥ፣ ዓይን ቢታለል ሚዛን አይታለልም።

በእርጅናው ስለ ዕንቁዎችና ብረታ ብረት በጻፈው ኪታብ ውስጥ አንድ ሙከራ አለ። ዙሙሩድ የሚባለውን አረንጓዴ ዕንቁ ያየ እባብ ዓይኑ ይጠፋል ተብሎ ለዘመናት ተጽፏል፤ ትላልቅ ሰዎችም ተቀብለውታል። አል-ቢሩኒ ግን እባብ አስመጥቶ ዙሙሩዱን አንገቱ ላይ አሠረለት፤ ከሥሩ አነጠፈለት፤ ፊቱም አንጠለጠለለት። በሙቀትም በብርድም ወቅት ለ9 ወር ያህል ሞከረ። የእባቡ ዓይን ምንም አልሆነም። እሱም ያየውን እንዳየው ጻፈ።

ያረፈው በ1050 ገደማ ገዝና ውስጥ ነው። በመጨረሻዋ ሰዓቱ ሊጠይቀው የመጣን ፈቂህ ስለ ውርስ አንድ መስአላ ጠየቀው ይባላል። እንግዳው በዚህ ሁኔታ እንዴት ብሎ ቢያዝን፣ ሳያውቁት ከመሞት አውቆ መሞት እንደሚሻል ነገረው። ፈቂሁም አስረድቶት እንደወጣ የለቅሶውን ድምፅ ከመንገድ ላይ ሰማ።

እህት ወንድሞች፣ የላብ ሪፖርት ስንጽፍ ያገኘነው ቁጥር ከመጽሐፉ አልገጥም ሲለን፣ እንዲገጥም አድርገን የምናስተካክልበት ጊዜ አለ። ነገ ግን በዚያ ቁጥር ባትሪ ይሠራበታል፤ ሰው የሚጠጣው ውሃ ይጣራበታል። ልኬት አማና ነው። አል-ቢሩኒ ከአገሩ ተነጥቆም በሰው አገር ይህን አማና ጠብቋል። አላህ ይዘንለት፤ ለእኛም ጠቃሚ ዒልም ይስጠን። አሚን።