የሾንኬው ሸኽ ጀውሃር

ከሐርቡ እስከ ከሚሴ ባለው አገር የሸኽ ጀውሃር ሐይደር ስም በክብር ይነሳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተወልደው እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን የኖሩት እኚህ ዓሊም፣ በተራራ ላይ ባለችው የአርጎባ መንደር በሾንኬ ደረሳ ሲያቀሩና ኪታብ ሲጽፉ ኖሩ።

ዘመኑ ቀላል አልነበረም። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ፤ ብዙዎች ተሰደዱ። ዲኑ ከዚያ መከራ የተሻገረው ቂርኣታቸውን ያላቋረጡ ሸኾችና ደረሶች ስለነበሩ ነው።

ሸኽ ጀውሃር አልፈው በእጅ የተጻፉ ኪታቦቻቸው ቀርተዋል። በዚህ ረመዳን ከሱሁር በኋላ አንድ ገጽ ቁርኣን ከነትርጉሙ ከልጆች ጋር መቅራት ቀልብን ያረጋጋል። ዒድ ካለፈ በኋላም ካላቋረጥነው ከእሳቸው ውርስ ድርሻችንን ወሰድን ማለት ነው።