የለሚ ፒዛ እና የእቴጌ ጣይቱ ማዕድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ ጉዳይ ወደ ለሚ ተጉዤ ነበር። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወጥቶ ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ያደርሳል፤ ለሚም እዚያው ናት። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ምሳ ፍለጋ ስንዞር የአንዲት ጠባብ ቤት በር ላይ በእጅ የተጻፈ የፒዛ ማስታወቂያ አየንና ገባን። የጾም ፒዛ አለ ተባልን። ሲመጣ አይብ የለውም፤ ሊጡ ላይ ወፈር ያለ ሽሮ ተቀብቶ ጎመንና ቃሪያ ተነስንሶበታል። በዕድሜ የገፉት ሾፌራችን ሽሮ ቤታቸው ሞልቶ ሳለ በገንዘብ ገዝተው መብላታቸው ቢያስገርማቸውም፣ ድርሻቸውን ጥርግ አድርገው በሉ።

የእሳቸው ግርምት ሌላ ዘመን አስታወሰኝ። ከፍሎ የማያውቁት ሰው ቤት መብላት እንደ ነውር ይታይ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ይህን በመስበር ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

ጣይቱ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው። ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በ1875 ዓ.ም. የተጋቡት በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ያዘጋጁት ግብር ለቀናት የዘለቀ ነበር። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን ያንን ግብር አንድ አገራዊ የምግብ ባህል መልክ የያዘበት አጋጣሚ አድርጎ ያየዋል። ለእቴጌይቱ ማብላት ፖለቲካ ነበር።

ፒዛችንን እየቆረስኩ አንድ ግጥጥሞሽ ትዝ አለኝ። እንደሚባለው ማርገሪታ የተሰኘው ፒዛ ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889፣ ከጣሊያኗ ንግሥት ከማርገሪታ ነው። ባሏ ንጉሥ ኡምቤርቶ ነበር። የውጫሌ ውል የተፈረመውም በዚያው ዓመት ነው። ጣሊያን በ17ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ስትል ጣይቱ አምርረው ተቃወሙ። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌው ምሽግ የመሸገው የጠላት ጦር ውኃ እንዲያጣ ምንጩን የማስያዙ ዘዴም የእሳቸው እንደነበር ይነገራል። ሠራዊት ያለ ስንቅና ያለ ውኃ እንደማይቆም፣ ሺሕ ሰው ሲያበሉ ከኖሩት ሴት በላይ ማን ሊያውቅ? ታሪካችን ግን ባለ ጓዳዋንና ዘማቿን ሁለት ሰው ሲያደርጋቸው ኖሯል።

በ1900 ዓ.ም. ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው ቤት ተከፈተ። መኳንንቱ በገንዘብ መብላቱን አፍረው ሲሸሹት ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው እንዳስለመዷቸው ይተረካል። በጥር 2007 ዓ.ም. የቤቱን ከፊል እሳት ቢበላውም ታድሶ ቆሟል።

የእቴጌይቱ ፍጻሜ ግን እንደ ግብራቸው የደመቀ አልነበረም። ምኒልክ ሲታመሙ አገሩን በእጃቸው ያዙ፤ ዘመዶቻቸውን በመሾማቸው ቅሬታ በዛ። በ1902 ዓ.ም. ከማዕዳቸው ሲቆርሱ የኖሩት መኳንንት ተባብረው ከሥልጣን አራቋቸው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ወጡ። በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ።

ለሚ ላይ ሒሳብ ሲመጣ ኪሴን ስዳብስ ሾፌራችን ቀደሙኝ። ቅድም የተገረሙት ሰው ብሩን ቆጥረው ለልጁ ሰጡና፣ ለቤት የሚወሰድ አንድ ሌላ እንዲጠቀለልላቸው አዘዙ።