ሊዮናርድ ኦይለርና አንድ ታላቅ ቁጥር

በሙያችን የሊዮናርድ ኦይለርን ስም የማያውቅ የለም። ቀጭን ምሰሶ በስንት ጭነት እንደሚጎብጥ የምናሰላበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ1744 ያሳተመው ሥራው ነው። በወጣትነቱ በአንድ ታላቅ ቁጥር ላይ የሰጠው ፍርድም ለመሐንዲስ ከዚያ ያላነሰ ትምህርት አለው።

ኦይለር በ1707 በስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ፣ ከአንድ የፕሮቴስታንት ቄስ ተወለደ። አባቱ ልጁ የእርሱን ፈለግ እንዲከተል ይመኝ ነበር። በ13 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ግን የከበደውን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ታዋቂው ሊቅ ወደ ዮሐን በርኑሊ እየሄደ ይጠይቅ ነበርና፣ መምህሩ ተሰጥዎውን ተረድቶ አባቱን አግባባ። በ1727 ወደ ሩሲያ፣ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ተጓዘ።

በዚያ ሳለ ወዳጁ ክርስቲያን ጎልድባክ በደብዳቤ አንድ ጥያቄ አቀረበለት። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537ን መርምሮ ነበር። ከአንዱ ቁጥር 1 ተቀንሶ፣ የቀረው በራሱ ተባዝቶ፣ 1 ሲጨመርበት ቀጣዩ ይገኛል። አምስቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፌርማም የሚከተሉት ሁሉ እንደዚሁ መሆናቸውን አመነ። ስድስተኛው 4,294,967,297 ነው።

የዚህን ቁጥር መጠን ለመገመት የመርካቶውን እህል በረንዳ እናስብ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ያህል ይመዝናል ብንል፣ ይህን ያህል ፍሬ 13 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ከክምሩ አንዲት ፍሬ ብትነሣ ቀሪው 32 ጊዜ በተከታታይ እኩል ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ያቺ ፍሬ ስትመለስ ግን፣ በፌርማ እምነት፣ ክምሩን ከፍሬ በላይ በሆኑ እኩል ቁናዎች ያለ ትርፍ ማከፋፈል አይቻልም። ይህን ልዩነት የትኛውም የበረንዳ ሚዛን አይለየውም፤ የሚለየው ስሌት ብቻ ነው።

ኦይለር በ1732 ክምሩ ለ641 እኩል እንደሚከፈል አስታወቀ። ለእያንዳንዱ 6,700,417 ፍሬ፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ያህል ይደርሰዋል። ከ641 በታች 115 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ኦይለር ቆየት ብሎ እንዳስረዳው ግን ሁሉን መሞከር አያስፈልግም፤ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ የሚፈተኑት 193፣ 257፣ 449 እና 577 ናቸው፤ አምስተኛው 641 ነው።

በ1738 የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። በ1741 ወደ በርሊን ሄዶ ከቆየ በኋላ በ1766 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈጽሞ ታወረ። ሥራውን ግን አላቋረጠም፤ በቃሉ እያሰላ ሌሎችን ያስጽፍ ነበር። በ1772 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አስታወቀ። በወጣትነቱ አንዱን ታላቅ ቁጥር ከፈለ፤ በእርጅናው የሌላውን አለመከፈል አረጋገጠ። በ1783 በ76 ዓመቱ አረፈ።

ፌርማ ከዘረዘራቸው አምስት ቁጥሮች በኋላ በዚያ ተርታ አንድም ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም። እምነቱ የሠራው እርሱ ራሱ ባያቸው ላይ ብቻ ነበር። በአምስት ድልድዮች የሠራ የግምት ቀመርም ለስድስተኛው ድልድይ ማስረጃ አይሆንም። ከመፈረማችን በፊት ስድስተኛውን ለብቻው ማስላት ይገባናል።