ታርዛንን ለዓለም ያስተዋወቀው፣ ጋዜጦችን ደግሞ የቀበረው ሰውዬ

ታርዛንን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለንም። ፊልሙን አይተን ከዛፍ ዛፍ ስንንጠላጠል ስንቶቻችን ወድቀናል። ታዲያ ይኼ የጫካ ልጅ መጀመሪያ ብቅ ያለው በፊልምም በመጽሐፍም አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1912 ኒውዮርክ ውስጥ በሚታተም፣ ወረቀቱ ሻካራ በሆነ ርካሽ መጽሔት ላይ ነው። ዛሬ የምናወራላችሁ ስለዚያ መጽሔት ባለቤት ነው። ፍራንክ መንሲ ይባላል። በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ ስሙን ያልሰማ አልነበረም፤ የሚወደው ግን እምብዛም።

መንሲ በ1854 ሜይን በሚባለው ግዛት፣ መርሰር በምትባል ትንሽ የገጠር ቀበሌ ተወለደ። የገበሬ ልጅ ነው። ቴሌግራፍ ተምሮ ኦገስታ ከተማ የቴሌግራፍ ቢሮ ኃላፊ ሆነ። ደመወዙ ክፉ አልነበረም፣ እሱ ግን አልበቃውም። ኦገስታ በፖስታ የሚላኩ ርካሽ መጽሔቶች የሚታተሙባት ከተማ ነበረችና ከወረቀት እንዴት ገንዘብ እንደሚወጣ በዓይኑ ያይ ነበር።

በ1882 ያጠራቀማትን ገንዘብ አብዛኛውን የልቦለድ ጽሑፎች ገዛባት። 40 ዶላር ኪሱ ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ካፒታል አወጣለሁ ብሎ ቃል የገባለት ሰው ግን እዚያ ሲደርስ ሐሳቡን ቀየረ። (እኛም ገጻችንን ስንጀምር ስፖንሰር አደርጋለሁ ብሎ ስልኩን ያጠፋብን ሰው ስላለ ስሜቱ ይገባናል።) መንሲ ወደ አገሩ አልተመለሰም። አንድ አሳታሚ አግባብቶ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ለወጣቶች የሚሆን፣ 8 ገጽ ያለው፣ በ5 ሳንቲም የሚሸጥ ሳምንታዊ አወጣ። ስሙ ጎልደን አርጎሲ። 5 ወር ሳይሞላ አሳታሚው ከሰረ። መንሲ ያልተከፈለውን ደመወዝ በመተው መጽሔቱን ለራሱ ወሰደ፣ ሜይን ካለ ወዳጁ 300 ዶላር ተበደረ። ለጸሐፊ የሚከፍለው ሲያጣ ቀን ቀን ሥራውን እየሮጠ ማታ ማታ ተከታታይ ልቦለዱን ራሱ ይጽፍ ነበር።

ስሙ የገነነው ግን በ1893 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካ ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ገባች፣ ባንክ በባንክ ላይ ይዘጋል። ደህና ወርሃዊ መጽሔት 25 ሳንቲም ይሸጣል፤ ለሠራተኛ ሰው የማይቀመስ ነው። መንሲ በራሱ ስም የሚጠራውን መጽሔት በአንድ ጊዜ ወደ 10 ሳንቲም አወረደው። ሥርጭቱን በሞኖፖል የያዘው ኩባንያ በዚህ ዋጋ አላከፋፍልም አለ። ምን አለፋችሁ፣ ሰውዬው በጋዜጣ ማስታወቂያ ቀጥታ ወደ አንባቢው ሄደ። አንባቢው ሱቅ እየሄደ ይጠይቃል፣ ባለሱቁ ለመንሲ ይጽፋል፣ መንሲ ራሱ ይልካል። ሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ደረሰ። ትርፉ የሚመጣው ከሽያጩ ሳይሆን ከማስታወቂያው ነበር፤ የዛሬው ሚዲያ ሁሉ የሚኖርበት ስሌት ማለት ነው።

በ1896 ደግሞ አርጎሲን ሙሉ በሙሉ የልቦለድ መጽሔት አደረገው። ሥዕል የለ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት የለ። 192 ገጽ ታሪክ ብቻ፣ ከእንጨት ፍጭት በሚሠራ፣ ቶሎ ቢጫ በሚሆን ወረቀት ላይ፣ በ10 ሳንቲም። ታሪኩ ከሚታተምበት ወረቀት ይበልጣል የሚል እምነት ነበረው። ፐልፕ የሚባለው የመጽሔት ዘር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በ1905 ኦል ስቶሪ የተባለውን አስከተለ። ኤድጋር ራይስ ባሮውስ ታርዛንን ለዚህ መጽሔት በ700 ዶላር ሸጠ። ዞሮም በ1919 የወጣው እዚያው ላይ ነው። የሚገርመው ባሮውስ የታርዛንን ሁለተኛ ክፍል ይዞ ሲመጣ አርታኢው አልቀበልም አለው፤ ተፎካካሪ መጽሔት 1,000 ዶላር ከፍሎ ወሰደው። አርታኢው በኋላ ምን ተሰምቶት ይሆን?

እስካሁን ያለው ደስ የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ለእኛ ለሚዲያ ሰዎች ይከብደናል። መንሲ ሀብታም ሲሆን ጋዜጣ መግዛት ጀመረ። ከተማው ውስጥ ጋዜጣ በዝቷል፣ የማያተርፈው መዘጋት አለበት ባይ ነበር። ኒውዮርክ ፕሬስን ገዝቶ በ1916 ከሰን ጋር ቀላቀለው። ግሎብን በ1923 ገዝቶ እሱንም ሰን ዋጠው። ሜይልን በ1924 ከቴሌግራም ጋር አዋሐደው። ሄራልድን ይዞ ትሪቢዩንን ሊገዛ ሄደና ባለቤቶቹ እምቢ ሲሉት በዚያው ዓመት ሄራልድን ለእነሱ ሸጠላቸው። በእያንዳንዱ ውህደት ጋዜጠኛው፣ ፊደል ለቃሚው፣ ማሽን ሠራተኛው ሥራ አጥቶ ወጥቷል። ሰውዬው ሲገዛ የተሰማ ጊዜ በዝግጅት ክፍሎች ውስጥ ድንጋጤ ይሆን ነበር። አንባቢ የሚፈልገውን ከማንም በፊት ያወቀ ሰው ጋዜጣን እንደ ሸቀጥ ሱቅ ማየቱ (የግሮሰሪ ሱቆችም ነበሩት) ዛሬም ያናድደናል። ያለ እሱ ግን ብዙ ደሃ አንባቢ መጽሔት በእጁ አይዝም ነበር፤ ይኼንንም መካድ አንችልም።

ሚስት አላገባም፣ ልጅም የለውም። ዲሴምበር 22 ቀን 1925 ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ በ71 ዓመቱ ሞተ። የካንሳሱ ጋዜጠኛ ዊልያም አለን ዋይት በሞቱ ማግስት የጻፈበት አጭር ጽሑፍ አንድም ደግ ቃል አልነበረውም፤ ዛሬም ድረስ ይነሳል። ሀብቱን ሲያዩት ለሥነ ጥበብ ያን ያህል ፍቅር አለው ተብሎ የማይታወቀው ሰውዬ አብዛኛውን ለሜትሮፖሊታን የጥበብ ሙዚየም ተናዞታል። አርጎሲ ግን፣ በ300 ዶላር ብድር የዳነው መጽሔት፣ መልኩን እየቀያየረ እስከ 1978 መታተሙን ቀጥሏል።