ባሕር ሳያዩ ከባሕር ሰዎች ጋር የተዋዋሉ ንጉሥ

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዘመናቸው ሁሉ ባሕር አይተው አያውቁም። ሆኖም ስለ ጦር መርከብ ብዙ ወደብ ካለው መስፍን ይልቅ አስበዋል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አባታቸው ወሰን ሰገድ በአሽከራቸው እጅ ሲገደሉ ልጅየው በገዳም ይማሩ ነበር። በ1805 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው አልጋውን ያዙ። አባቶቻቸው በመርዕድ አዝማችነት ሲጠሩ፥ እርሳቸው ንጉሥ ተባሉ።

ለአንኮበር ቤተ መንግሥት የባሕር በሩ ይፋት ነበር። ቆላውን በንጉሡ ስም የሚያስተዳድሩት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ከተጁራ ወደብ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ ጨውን በግመል ጭኖ፥ አዋሽን ተሻግሮ፥ ከተራራው ግርጌ ፋሬ ላይ ያራግፋል፤ ከዚያም ሸክሙ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣል። ወደ ባሕር የሚወርደው ግን ቡና ብቻ አልነበረም፤ ባሮችም ይነዱበት ነበር። ይህን መሸሸግ ታሪክን ማጉደል ነው።

እንግሊዞች በ1831 ዓ.ም. ኤደንን በያዙ ጊዜ ንጉሡ ነገሩን ሰምተው ዝም አላሉም። ጠመንጃና ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ላኩ። በ1833 ዓ.ም. ግንቦት ኤፍራጥስ የምትባል የጦር መርከብ ካፒቴን ዊልያም ሀሪስንና ጓደኞቹን ተጁራ ላይ አወረደች። መርከቢቱ ኃይሏ እስከ ዳርቻው ድረስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የአሳል ሐይቅ ንዳድና የውሃ ጥም መድፍ የሚያሸንፈው አይደለም። በጉዞውም ላይ ሁለት ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ ወጥ ሠሪ በሌሊት ተገደሉባቸው።

የተረፉት በሐምሌ ይፋት ደረሱ። መድፎችና 300 ጠመንጃዎች ለንጉሡ ቀረቡ፤ መድፉም በፊታቸው ተተኮሰ። በ1834 ዓ.ም. ኅዳር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ።

ንጉሡ ግን በአንድ ወዳጅ ብቻ የሚታመኑ ሰው አልነበሩም። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ከእንግሊዞቹ አስቀድሞ መጥቶ ነበርና፥ በ1835 ዓ.ም. ሀሪስ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ከእርሱም ጋር ተዋዋሉ። ሁለቱን ባለመርከቦች እያፎካከሩ ከሁለቱም መሣሪያ መቀበላቸው ብልህነት ነው፤ በዚያን ጊዜ ከነበሩት መሳፍንት እንዲህ አርቆ ያየ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በውሎቹ ያን ያህል ንግድ አልተነገደም። መርከቡ በባለቤቱ እጅ፥ ወደቡ በተጁራው ሱልጣን እጅ፥ በረሃው በአፋሮች እጅ ነበር፤ ለንጉሡ የቀረላቸው የመንገዱ መጨረሻ ብቻ ነው።

በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የልጅ ልጅ ተወለደላቸው፤ ምኒልክ ብለው ስም ያወጡለት እርሳቸው ናቸው። ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ጥቅምት ደብረ ብርሃን ላይ ዐረፉ። ልጁ አድጎ የሸዋ ንጉሥ በሆነ ጊዜ፥ ጠመንጃ የጫነ ግመል ከዚያው ከተጁራ ተነሥቶ ወደ አንኮበር ይመጣ ነበር።