ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ

ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ (1885 – ነሐሴ 9 ቀን 1972 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ መስፍን፣ የጦር መሪና አምባሳደር ነበሩ። ያደጉት በሐረር ከዘመዳቸው ከተፈሪ መኮንን (በኋላ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ) ጋር ነው። መሬት ለጭሰኞች በመስጠታቸው «ቀዩ ራስ» ተብለዋል።

የሰሜኑ ዘመቻ

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ እምሩ የጎጃም ገዥ ነበሩ። የጎጃምን ጦር በበጌምድርና በስሜን በኩል ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። ዋና ከተማው ደብረ ታቦር ከነበረው ከበጌምድር ጠቅላይ ግዛት የተነሣ ሠራዊትም በደጃዝማች አያሌው ብሩ መሪነት አብሯቸው ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጊና ጣሊያኖችን አሸነፉ።

የመርዝ ጋዝ

ታኅሣሥ 13 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ ወንዝ አጠገብ የሰናፍጭ ጋዝ (ኢፔሪት) የያዙ ቦምቦች ጣሉ። እምሩ በኋላ እንደ መሰከሩት፣ ቦምቦቹ መሬት ሲነኩ ተሰብረው ፈሳሽ ያፈሱ ነበር። ፈሳሹ የነካቸው ወታደሮች እግራቸው፣ እጃቸውና ፊታቸው ውኃ ቋጠረ። ከወንዙ የጠጡት ብዙዎቹ በሥቃይ ሞቱ፤ ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ገበሬዎችም ተጎዱ። ሕክምናውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ኢፔሪት በሣርና በአፈር ላይ ስለሚቆይ ባዶ እግሩን ለሚዘምት ሠራዊት እጅግ አደገኛ ነበር። ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ያቃጥላል። ከቁስሉ የተረፈም ለዓመታት በሳልና በዓይን ሕመም ሊሠቃይ ይችላል። ማርከሻ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለውም። ጣሊያን ግን በ1917 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1925) በጄኔቫ የተፈረመውን፣ የመርዝ ጋዝን የሚከለክል ውል አጽድቃ ነበር።

ምርኮና ከዚያ በኋላ

እምሩ በየካቲት 1928 ዓ.ም. በሽሬ ጦርነት ተሸነፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ እንደራሴ ሆነው በጎሬ ቆዩ፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ ተማርከው በጣሊያን በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ከተፈቱ በኋላ በአሜሪካና በሕንድ አምባሳደር ሆነዋል። በ1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜም ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው ተሰይመው ነበር።

ካሣና እውቅና

በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል አዘዘ። ካሣው ለመንግሥት የሚከፈል እንጂ በጋዝ ለተጎዳው ዘማች ወይም ለቤተሰቡ የተቆረጠ አበል አልነበረም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ሠራዊቱ በኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ያመነው በ1988 ዓ.ም.፣ እምሩ ካረፉ ከ16 ዓመት በኋላ ነው።