ዜማ ፍለጋ በእግሩ የሄደው ወጣት

በአገራችን ዜማ የሚሻ ሰው መንገደኛ ነው። ድጓ ለመማር ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ፣ ቅኔ ለመቁጠር ዋሸራ ይወርዳል። አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው የተወለደው ርቆ በጀርመን አገር ነው፤ የወጣትነት ሕይወቱ ግን ከቆሎ ተማሪ ሕይወት ብዙም አይርቅም። እርሱም ስሙ በዓለም የታወቀው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባኽ በ1685 አይዘናኽ በምትባል ከተማ ከሙዚቀኞች ቤተሰብ ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ እናቱ ሞተች፤ ዓመት ሳይሞላም አባቱ ተከተላት። ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። ይህ ወንድሙ ቆልፎ የሚያስቀምጠው የሙዚቃ መጽሐፍ ነበረው። ልጁም ሌሊት ሌሊት በሣጥኑ ፍርግርግ እጁን እያስገባ መጽሐፉን በማውጣት፣ መብራት ስላልነበረው በጨረቃ ብርሃን ስድስት ወር ሙሉ እንደገለበጠው ይነገራል። ወንድሙ ሲደርስበት ግን ግልባጩን ነጠቀው።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሉነቡርግ ሄደ። በዚያ ድምፀ መልካም የሆኑ የድኻ ልጆች በመዘምራን ውስጥ እያገለገሉ ምግብና ትምህርት በነጻ ያገኙ ነበር። በ18 ዓመቱም በአርንሽታት ከተማ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ተቀጠረ። ነገር ግን እንጀራ አገኘሁ ብሎ አልተቀመጠም።

በዚያን ጊዜ በሰሜን ጀርመን፣ በሉቤክ ከተማ በምትገኘው የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ዲትሪኽ ቡክስተሁደ የተባለ አንጋፋ ኦርጋን ተጫዋች ያገለግል ነበር። ይህ ሰው ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት በአምስት እሑዶች ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሙዚቃ ምሽት ያዘጋጅ ነበር። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ጌታውም አገልጋዩም ሳይከፍል ገብቶ ይሰማል። የዘማሪዎቹንና የተጫዋቾቹን ወጪ የሚሸፍኑት የከተማው ነጋዴዎች ነበሩ፤ ቡክስተሁደም እርዳታቸው እንዳይቋረጥ ይማጠናቸው ነበር።

ባኽ በ1705፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሉቤክ በእግሩ ጉዞ ጀመረ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደሴ እንደ መግባት ነው። ደርሶም ከአንጋፋው ሊቅ እግር ሥር መለየት አቃተውና አራቱ ሳምንት አራት ወር ያህል ሆነ።

ሲመለስ አለቆቹ ጠርተው ገሠጹት። እርሱም የሄደው ለሙያው የሚሆን ትምህርት ፍለጋ መሆኑንና በቦታው ሰው ተክቶ እንደነበር አስረዳ። በመዝሙሩ መካከል እንግዳ ድምፅ እያስገባ ምእመናኑን ግራ አጋብቷል ተብሎም ተከሰሰ። ከፈቃድ በላይ መቆየቱ የሚመሰገን አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያ ጉዞ የቀሰመው ትምህርት ከሥራው ሳይለይ ኖረ።

ከ1717 እስከ 1723 በከተን መስፍን ቤት ሲያገለግል ለጥቂት መሣሪያዎች የሚሆን ብዙ ሙዚቃ ደረሰ። ቫዮሊን ብቻውን፣ ቼሎም ብቻውን የሚጫወታቸው ስድስት ስድስት ድርሰቶቹ የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። ኀዘንም አልቀረለትም፤ በ1720 ከመስፍኑ ጋር ከሄደበት ሲመለስ ሚስቱ ሞታ ተቀብራ አገኛት። ከ1723 ጀምሮ በላይፕዚግ የመዘምራን መምህር ሆነ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በየሳምንቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አዲስ መዝሙር ያቀርብ ነበር። ከሃያ ልጆቹ አሥሩን ገና በልጅነታቸው ቀብሯል። ሊቃውንቶቻችን መጽሐፋቸውን በምስጋና እንደሚዘጉ ሁሉ፣ እርሱም በብዙ ድርሰቶቹ መጨረሻ ክብሩ ለእግዚአብሔር ብቻ መሆኑን የሚያመለክቱ ፊደላት ያኖር ነበር። ዓይኑን ታሞ ከታከመ በኋላ በ1750 ዐረፈ። ብዙው ሥራውም ከሕዝብ ጆሮ ራቀ፤ በ1829 የ20 ዓመቱ ወጣት ሜንደልሶን በማቴዎስ ወንጌል ላይ የተመሠረተውን የሕማማት ድርሰቱን በበርሊን እንደገና እስኪያሰማ ድረስ።

እንግዲህ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ምን እንማራለን? የእኛ ማኅሌት ከበሮና ጸናጽል እንጂ ኦርጋን አያውቅም፤ ሥርዓቱ የየራሱ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሰማ መልካም ነገር አለ ሲባል የታክሲ ሂሳብ እናሰላለን፣ ማታ መመለሻው ያሳስበናል፤ አንዳንዴም ነጻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው እንላለን። የሉቤክ ምሽቶች ነጻ የሆኑት ዋጋቸውን ሌላ ሰው ስለከፈለ ነው። ነጋዴው በገንዘቡ፣ ቡክስተሁደ በልመናው ከፈሉ፤ ባኽም ድርሻውን በእግሩ ከፈለ። በየአጥቢያችን ያሉ መሪጌቶችም ያለ ዋጋ ያስተምራሉ። ባኽ 400 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ፣ እኛ ከቤታችን እስከ ደጀ ሰላሙ ያለችውን መንገድ ስንቶቻችን ሄደናታል?